የሬሳ ሣጥን ሠሪው ሰውዬና የእኛ ኬቶ

ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ የአዲስ አበባ አሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ከሆነ ወዲህ፣ በአያት፣ በሰሚትና በሲኤምሲ አካባቢ ሥጋ ቤቱም፣ ጂሙም፣ ፋርማሲውም እንደ አሸን ፈልቷል፡፡ ሦስቱንም የሚያገናኝ አንድ ቃል ደግሞ ተገኝቷል፤ ኬቶ፡፡ ሥጋ ቤት ገብቶ ጥብስ ያዘዘ ሰው እንጀራው እንዲነሳለት ሲለምን ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል፡፡ መጀመሪያ ላይ አስተናጋጆቹ እንጀራው ሻግቶ የተገኘ እየመሰላቸው ይደነግጡ ነበር፡፡ አሁን ለምደውታል፡፡ ጮማ የሚያስጨምር፣ ዳቦ የማይነካና ሻዩን ያለ ስኳር የሚጠጣ ደንበኛ ሲመጣ ነገሩ ሳይነገራቸው ይገባቸዋል፡፡

የዚህ አመጋገብ ሰባኪዎች በየስልካችን እየመጡ የሚነግሩን፣ ጉዳዩ ትናንት አሜሪካ ውስጥ የተገኘ ምስጢር አስመስለው ነው፡፡ እኔ የተማርኩት ሕግ እንጂ ሕክምና አይደለም፡፡ ሕግ የተማረ ሰው ግን አንድ ክፉ ልማድ አለበት፤ ወሬውን ከማመኑ በፊት ምስክሩ ማን እንደሆነ ይጠይቃል፡፡ የዚህን ጉዳይ የመጀመሪያ ታዋቂ ምስክር ፍለጋ ወደ ኋላ ስሄድ ያገኘሁት ሐኪም አይደለም፤ ስፖርተኛም አይደለም፡፡ የለንደን ቀባሪ ነው፡፡ ስማቸው ዊሊያም ባንቲንግ ይባላል፡፡ ከሞቱ መቶ አርባ ዓመት አልፏል፡፡ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ብዬ ካልለየሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ባንቲንግ የተወለዱት በ1796 ነው፡፡ ቤተሰቡ በለንደን ሴንት ጄምስ ጎዳና ላይ የታወቀ ድርጅት ነበረው፡፡ የቤት ዕቃ ይሠራል፤ የሬሳ ሣጥን ይሠራል፤ የታላላቅ ሰዎችን ቀብር ከግርማ ሞገሱ ጋር ያስፈጽማል፡፡ የእኛ አገር አንባቢ ከየሆስፒታሉ ደጃፍ የተደረደሩትን የሣጥን መሸጫዎች እንዳያስብ፡፡ ይህ ድርጅት የእንግሊዝን ነገሥታት የሚቀብር ነበር፡፡ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በ1820፣ ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በ1830፣ ናፖሊዮንን ያሸነፉት የዌሊንግተኑ መስፍን በ1852፣ የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት በ1861 የተሸኙት በባንቲንጎች እጅ ነው፡፡ ዕድር በሌለበት አገር የዕድሩን ሥራ ሁሉ፣ ድንኳኑን፣ ጥቁር ጨርቁን፣ ሠረገላውን፣ ተሸካሚውን የሚያዘጋጅ ሰው ምን ያህል እንደሚከበር መገመት አያዳግትም፡፡ ባንቲንግ ሀብታም፣ ጨዋና የተከበሩ ሰው ነበሩ፡፡

ችግራቸው ቦርጫቸው ነበር፡፡

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፡፡ በእኔ ልጅነት ቦርጭ ችግር አልነበረም፡፡ ወፍረሃል ማለት ተመችቶሃል ማለት ነበር፤ ምርቃት እንጂ ስድብ አልነበረም፡፡ ሰፈር ውስጥ ቦርጫቸው ቀድሞ የሚደርስ ሰዎች ነጋዴዎችና ባለሥልጣናት ብቻ ስለነበሩ፣ ሌላው ሰው ቢመኘው እንጂ አይሳለቅበትም ነበር፡፡ የባንቲንግ ለንደን ግን በዚህ ረገድ ጨካኝ ከተማ ነበረች፡፡ ሰውየው በመንገድ ሲሄዱ የሚሳለቅባቸው ሰው አላጡም፡፡ ከሰው መሐል መግባት እስኪያሳፍራቸው ድረስ ደርሰው ነበር፡፡

በ65 ዓመታቸው ቁመታቸው 165 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደታቸው ወደ 92 ኪሎ ነበር፡፡ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ማሰር አይችሉም፡፡ ደረጃ የሚወርዱት ወደ ኋላ እየዞሩ ነው፤ ፊት ለፊት ሲወርዱ ጉልበታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ሰውነታቸውን መሸከም አቅቶት ነበር፡፡ እምብርታቸው አካባቢ ቡአ ወጥቶባቸው በመታጠቂያ ይደግፉታል፡፡ ትንሽ ሲሠሩ ያለከልካሉ፡፡ ዓይናቸውም ጆሮአቸውም መድከም ጀምሮ ነበር፡፡

ያላደረጉት ነገር ግን አልነበረም፡፡ አንድ ሐኪም ስፖርት ሥሩ ሲላቸው ከባድ ጀልባ ገዝተው በየማለዳው ለሁለት ሰዓት ቀዘፉ፡፡ ጡንቻቸው ጠነከረ፤ የምግብ ፍላጎታቸው ግን ከጡንቻው በላይ አደገና ክብደታቸው ጨመረ፡፡ ይህ ነገር በአያት ጂሞች ዙሪያ ለሚመላለሱ ብዙ ሰዎች አዲስ አይሆንባቸውም፡፡ የባሕር ውኃ ዋና፣ የፈረስ ግልቢያ፣ የቱርክ እንፋሎት መታጠቢያ፣ የማዕድን ውኃ፣ የመድኃኒት ዓይነት ሁሉ ሞከሩ፡፡ ክብደት ለመቀነስ ብለው በሃያ ዓመት ውስጥ ሃያ ጊዜ ያህል ሆስፒታል ተኝተዋል፡፡ ገንዘብ ስላልቸገራቸው የታወቀ ሐኪም አልቀረም፡፡ ውጤቱ ባዶ ነበር፡፡

መፍትሔው የመጣው ባልጠበቁት በር ነው፡፡ በ1862 ነሐሴ ወር ጆሮአቸው እየከፋ ሲሄድ ዊሊያም ሐርቪ ወደተባሉ የጆሮ ሐኪም ሄዱ፡፡ ሐርቪ ከስድስት ዓመት በፊት ፓሪስ ውስጥ ክሎድ ቤርናር የሚባሉትን ታላቅ የፈረንሳይ ሊቅ ትምህርት ተከታትለው ነበር፡፡ ቤርናር ጉበት ስኳር አምርቶ ወደ ደም እንደሚለቅ ያረጋገጡ ናቸው፡፡ ሐርቪ ከዚያ ትምህርት በመነሳት፣ ስኳርና ገብስ፣ ስንዴና ድንች የስኳር በሽተኛን የሚጎዱ ከሆነ፣ ያለ ልክ የወፈረንም ሰው የሚያወፍሩት እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ ብለው አሰቡ፡፡ የባንቲንግን ጆሮ ካዩ በኋላ ችግሩ ከጆሮ ሳይሆን ከስብ ነው ብለው ደመደሙና ምግብ አዘዙላቸው፡፡

በነገራችን ላይ ባንቲንግ ይህን አመጋገብ በጀመሩ በሁለት ወር ውስጥ፣ በዚያው በ1862 ጥቅምት ወር፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለዚያችው ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ነበር፡፡ በወቅቱ ምላሽ ሳያገኝ የቀረው ያ ደብዳቤ በስተመጨረሻ መቅደላን እንዳመጣ አንባቢ ያውቃል፡፡ የንግሥቲቱን ባል የቀበሩት ሰው በሚቀጥለው ዓመት የጻፉት ደብዳቤ ግን ከየአገሩ መልስ ጎርፎለታል፡፡ ወደዚያ እንመጣለን፡፡

ሐርቪ የከለከሉት ስድስት ነገር ነው፤ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች፡፡ ባንቲንግ ሕይወታቸውን ሙሉ የኖሩት በእነዚሁ ስለነበር መጀመሪያ ምን ሊቀረኝ ነው ብለው ደንግጠዋል፡፡ የተፈቀደላቸው ግን የሚያስደነግጥ አልነበረም፡፡ ቁርስ ላይ 150 ግራም ያህል የበሬ ወይም የበግ ሥጋ፣ ኩላሊት ወይም ዓሣ፣ ያለ ወተትና ያለ ስኳር አንድ ትልቅ ኩባያ ሻይ፣ ጣት የምታህል ደረቅ ዳቦ፡፡ ምሳ ላይ ዓሣ ወይም ሥጋ ወይም ዶሮ፣ ከድንች በቀር ማንኛውም አትክልት፣ ደግሞም ሁለት ሦስት ብርጭቆ ወይን፡፡ ከሰዓት በኋላ ፍራፍሬና ሻይ፡፡ እራት ላይ እንደገና ሥጋ ወይም ዓሣ ከአንድ ሁለት ብርጭቆ ወይን ጋር፡፡ ሊተኙ ሲሉ ካስፈለገ ስኳር ያልገባበት አንድ መለኪያ አረቄ፡፡ ከመጠጥ በኩል ሐርቪ ለጋስ እንደነበሩ መደበቅ አይቻልም፡፡ የዛሬ ሐኪም ይህን ያህል ወይን ቢያዝ የሙያ ፈቃዱ ሳያነጋግር አይቀርም፡፡

ባንቲንግ በ1862 ነሐሴ መጨረሻ 92 ኪሎ ሆነው የጀመሩትን፣ በ1863 መስከረም 71 ኪሎ ሆነው አገኙት፡፡ ወገባቸው 31 ሴንቲ ሜትር ጠበበ፡፡ ደረጃውን ፊት ለፊት ወረዱ፤ ጫማቸውን ራሳቸው አሰሩ፤ ጆሮአቸውም ተሻለው፡፡ ረሃብ አልነካኝም ማለታቸው ደግሞ ከሁሉም በላይ ሰውን ያስደነቀ ነገር ሆነ፡፡

በዚህ ደስታ በ1863 ስለ ውፍረት ለሕዝብ የተጻፈ ደብዳቤ የሚል ርዕስ የሰጧትን ትንሽ መጽሔት በራሳቸው ወጪ አሳትመው በነፃ አደሉ፡፡ ፈላጊው ሲበዛ ኋላ ለሽያጭ ቀረበች፤ ትርፉን ለበጎ አድራጎት ሰጡት፡፡ በእንግሊዝ አልቆመችም፤ ባሕር ተሻገረች፡፡ ከየአቅጣጫው የምስጋናና የጥያቄ ደብዳቤ ጎረፈላቸው፡፡ የሰውየው ስም ግስ ሆነ፤ ክብደት ለመቀነስ መጾምን እንግሊዞች ባንቲንግ ማድረግ ይሉት ጀመር፡፡

ሐኪሞቹ ግን ተቆጡ፡፡ አንዳንዶቹ ነገሩ አዲስ አይደለም አሉ፤ በዚህስ እውነት አላቸው፤ ፈረንሳዊው የሕግ ሰውና የምግብ ጸሐፊ ብሪያ ሳቫራን በ1825 ዱቄትና ስታርች እንደሚያወፍሩ ጽፈዋል (የሙያ ባልደረባዬ መሆናቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል)፡፡ ሌሎቹ ደግሞ ቀባሪ ስለ ጤና ምን አገባው አሉ፡፡ ዳኛ ብሆን እዚህ ላይ የምፈርደው ለባንቲንግ ነው፡፡ ሰውየው ሐኪም ነኝ አላሉም፡፡ የነገሩን የራሳቸውን ክብደት፣ በየቀኑ የበሉትንና ያዘዘላቸውን ሐኪም ነው፡፡ ገንዘብ አልጠየቁበትም፡፡ የአንድ ሰው ምስክርነት የአንድ ሰው ምስክርነት መሆኑን ያውቁ ስለነበር፣ ወፍራም ሰው ሁሉ ዘሎ እንዲገባበት እንደማይመክሩ፣ መጀመሪያ ከሐኪም ጋር በደንብ መማከር እንደሚያስፈልግ እዚያችው ደብዳቤ ውስጥ ጽፈዋል፡፡ የእኛዎቹ የስልክ ሰባኪዎች ከባንቲንግ የወሰዱት ሥጋውን ነው፤ ይህቺን ዐረፍተ ነገር ዘልለዋታል፡፡

የባንቲንግ አመጋገብ ኬቶ ነበር ወይ ብሎ ለሚጠይቅ፣ በትክክለኛው ትርጉሙ አልነበረም፡፡ ደረቅ ዳቦው፣ ፍራፍሬውና ወይኑ አለ፡፡ ቅቤ ደግሞ ተከልክሏል፤ ኬቶ ግን ከሁሉ በላይ የሚቆመው በቅባት ላይ ነው፡፡ ባንቲንግ ያደረጉት እንጀራና ድንች መቀነስ ነው ብንል ይቀላል፡፡ ኬቶ የዚያ የልጅ ልጅ ነው፤ የተወለደውም ክብደት ለመቀነስ አልነበረም፡፡

አሠራሩን ለመረዳት ከጉበት መጀመር ይሻላል፡፡ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ ስንበላ ካርቦሃይድሬቱ ወደ ስኳርነት ይለወጥና ደም ውስጥ ይገባል፡፡ ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን የሴሎችን በር ከፍቶ ስኳሩን ያስገባዋል፤ የተረፈውን ደግሞ ጉበትና ጡንቻ ያከማቹታል፡፡ የጉበት ጎተራ ግን ትንሽ ነው፤ 100 ግራም ያህል ቢይዝ ነው፡፡ ሰው እህል ካልቀመሰ በአንድ ቀን ገደማ ይሟጠጣል፡፡ ያኔ ኢንሱሊን ዝቅ ይላል፤ ሰውነት የከረመውን ስብ እያቀለጠ መጠቀም ይጀምራል፡፡ ልብና ጡንቻ ስቡን እንዳለ ያነዱታል፡፡ አንጎል ግን ስብን በቀጥታ መጠቀም አይችልም፡፡ ለእሱ ሲባል ጉበት ስቡን ሰባብሮ ኪቶን የሚባሉ ትንንሽ ነገሮችን ይሠራለታል፡፡ ጆርጅ ካሂል የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም በ1960ዎቹ ለሳምንታት የጾሙ ሰዎችን አጥንተው፣ አንጎል ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ ሁለት ሦስተኛውን ከኪቶን ሊያገኝ እንደሚችል አሳይተዋል፡፡ ሰው ተርቦም ብዙ ቀን አእምሮው ሳይጠፋ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ኬቶ እንግዲህ ሰውነትን የማታለያ ዘዴ ነው፡፡ ሰውየው ይበላል፤ ግን በቀን ከ20 እስከ 50 ግራም ካርቦሃይድሬት ብቻ ስለሚያስገባ ጉበቱ የተራበ ሰው ጉበት ሆኖ ይሠራል፡፡ ከ20 እስከ 50 ግራም ማለት ለእኛ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ አንድ ሙሉ እንጀራ ብቻውን ይህን ልክ አልፎት ይሄዳል፡፡ ሽሮውና ምስሩም ራሳቸውን የቻሉ ባለ ካርቦሃይድሬት ናቸው፡፡ በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ላይ በፍጥነት የሚወርደው ኪሎ ደግሞ ሰዉን ሁሉ ያስጨበጭበዋል፡፡ አብዛኛው ውኃ ነው፡፡ ጎተራው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ግራም ስኳር ሦስት ግራም ያህል ውኃ አዝሎ ስለሚቀመጥ፣ ጎተራው ሲራቆት ውኃውም ይወጣል፡፡ የራስ ምታቱ፣ ድካሙና ማዞሩ የሚመጣውም በዚሁ ጊዜ ከውኃው ጋር ጨው ስለሚወጣ ነው፡፡

የኬቶ የትውልድ ዓመት 1921 ነው፡፡ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ሲጾሙ በሽታው ጋብ እንደሚል ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር፡፡ ልጅን ግን ለዘላለም ማስጾም አይቻልም፡፡ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩት ራስል ዋይልደር በዚያ ዓመት፣ ልጁ እየበላ የጾም ያህል ኪቶን የሚሠራበትን አመጋገብ ሐሳብ አቀረቡ፤ ስሙንም ኪቶጄኒክ አሉት፡፡ ለተወሰነ ጊዜ በሰፊው ተሠራበት፡፡ በ1938 ፌኒቶይን የተባለው መድኃኒት ሲመጣ ክኒን መዋጥ ክሬም ከመመዘን ስለሚቀል ተዘነጋ፡፡ ኋላ ግን መድኃኒት ላልበገረላቸው ሕፃናት ተመልሶ መጣ፡፡ ለንደን ውስጥ 145 ሕፃናት የተሳተፉበትና በ2008 የታተመ ጥናት፣ ይህን አመጋገብ ከተከተሉት 38 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ ከግማሽ በላይ ሲቀንስላቸው፣ ካልተከተሉት ግን ይህ የሆነላቸው 6 በመቶዎቹ ብቻ መሆኑን አሳይቷል፡፡ ይህ ትልቅ ነገር ነው፡፡ ነገር ግን ልብ በሉ፤ እነዚህ ልጆች የሚበሉት በግራም ተመዝኖ፣ ቫይታሚን ተጨምሮላቸው፣ ደማቸው እየተመረመረ ነው፡፡ ያም ሆኖ የኩላሊት ጠጠር፣ የሆድ ድርቀት፣ የደም ቅባት መጨመርና የዕድገት መዘግየት ያጋጥማል፡፡

አሁን ወደ ሁለተኛው ባንቲንግ ልለፍ፡፡ በዚያው በ1921 ዓመት ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ፍሬደሪክ ባንቲንግ የሚባሉ ወጣት ሐኪም ከቻርልስ ቤስት ጋር ሆነው ኢንሱሊንን አገኙ፡፡ ፍሬደሪክ የቀባሪው ባንቲንግ የሩቅ ዘመድ ናቸው፡፡ ከዚያ በፊት ኢንሱሊን ጨርሶ የማያመርት ልጅ ዕድሉ አንድ ነበር፤ ካርቦሃይድሬት እየተከለከለ፣ እየራበው፣ ለጥቂት ጊዜ ዕድሜው ይራዘምለታል፤ ከዚያ ይሞታል፡፡ በ1922 ጥር ወር ኢንሱሊን መጀመሪያ የተወጋው ሊኦናርድ ቶምሰን የ14 ዓመት ልጅ ነበር፡፡ ዳነ፡፡ ፍሬደሪክ በ1923 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ፡፡ አንዱ ባንቲንግ ዳቦ የተዉ፣ ሌላው ባንቲንግ ዳቦ የተከለከሉትን ልጆች ከሞት የመለሱ መሆናቸው የታሪክ ጨዋታ ነው፡፡

ሁለቱን ባንቲንጎች ያመጣሁት ለወሬ አይደለም፡፡ የኬቶ ትልቁ አደጋ ያለው በሁለቱ መካከል ነው፡፡ ጤነኛ ሰው ኬቶ ሲይዝ ኪቶኑ ከፍ ቢልም ልክ አለው፤ ከትንሿ ኢንሱሊን የተነሳ ስቡ ያለ ገደብ አይቀልጥም፤ ልኬቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 አያልፍም፡፡ ኢንሱሊን የሌለው ሰው ግን ልጓም የለውም፡፡ ኪቶኑ አሥርና ከዚያም በላይ ይወጣል፤ ደሙ ይመርዛል፤ ኪቶአሲዶሲስ የሚባለው ይህ ነው፤ ይገድላል፡፡ ስማቸው ስለሚመሳሰል አንዱን ከሌላው የሚያምታታ ብዙ ሰው አለ፡፡

እኛ ብሎክ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ኢንሱሊን የሚወጋ አንድ ወጣት ነበር፡፡ ካርቦሃይድሬት ካልበላህ ስኳር የለም፤ ስኳር ከሌለ ኢንሱሊን ለምን ያስፈልግሃል የሚል ትምህርት ከስልኩ አገኘ፡፡ አነጋገሩ ሲሰሙት ምክንያታዊ ይመስላል፤ ችግሩ ኢንሱሊን የስብንም በር የሚጠብቅ መሆኑን ይረሳል፡፡ ልጁ እንጀራውንም መርፌውንም በአንድ ቀን ተወ፡፡ በሦስተኛው ቀን ማስታወክ ጀመረ፤ ሆዱን ያዘው፤ ትንፋሹ እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል፤ እየተነፈሰ አይደለም፤ እያቃሰተ ነው፡፡ እናቱ የምግብ መመረዝ መስሏት ዝንጅብል ታፈላ ነበር፡፡ ጎረቤት ተሸክሞ ወደ ሆስፒታል አደረሰው፡፡ ከቀናት በኋላ ተሽሎት ወጣ፡፡ እናቱ ያንን ትምህርት የሰጠውን ሰው መክሰስ ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ፡፡ ሰውየው ስሙም አድራሻውም የማይታወቅ፣ ከየት አገር እንደሚናገር የማይታወቅ ድምፅ ነበር፡፡

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን ያለ ፈቃድ ሕክምና መስጠትን ይከለክላል፡፡ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅም አለ፡፡ ምክርን ግን ከሕክምና መለየት አስቸጋሪ ነው፡፡ ይህን ያየነው በደቡብ አፍሪካ ነው፡፡ ቲም ኖክስ የሚባሉት የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የቀባሪውን ስም ከመቃብር አውጥተው አመጋገቡን ባንቲንግ ብለው አገራቸው ውስጥ አስፋፍተው ነበር፡፡ በ2014 በትዊተር ለአንዲት የምታጠባ እናት ልጇን ስታስጀምር ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬትና ብዙ ቅባት ያለው ምግብ እንድታስጀምር መለሱላት፡፡ የአገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ምክር ቤት ከሰሳቸው፡፡ ክርክሩ ዓመታት ወስዶ በ2017 ሚያዝያ ነፃ ወጡ፤ ይግባኙም በ2018 ውድቅ ሆነ፡፡ የኬቶ ወዳጆች ይህን ውሳኔ አመጋገቡ ጤናማ መሆኑን ፍርድ ቤት አረጋገጠ ብለው ሲያወሩት እሰማለሁ፡፡ አልተባለም፡፡ የተባለው በትዊተር የተሰጠች መልስ የሐኪምና የታካሚ ግንኙነት አትፈጥርም፤ ጉዳትም አልተረጋገጠም ነው፡፡ አንድ ተከሳሽ ነፃ መውጣቱና አንድ ምግብ ጤናማ መሆኑ የተለያዩ ጭብጦች ናቸው፡፡

ታዲያ ለጤነኛ ሰው ይሠራል ወይ? ክብደት ይቀንሳል፤ ይህን የሚክድ የለም፡፡ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች በሐኪም ክትትል ስኳራቸው ወርዶላቸዋል፡፡ ከሌላው አመጋገብ ይበልጣል ወይ ሲባል ግን ነገሩ ይቀዘቅዛል፡፡ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ቀንሰዋል፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፡፡ በአንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል በጣም ይወጣል፤ ለዓመታት በዚያ ሁኔታ መቆየት ለልብ ሊያሰጋ ይችላል፡፡

ከሁሉ የሚያሳስበኝ መድኃኒት የሚወስደው ሰው ነው፡፡ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ እየወሰደ እንጀራ ያቆመ ሰው፣ መድኃኒቱ ካልተስተካከለለት ስኳሩ ወርዶ መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል፡፡ ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የሚባሉትን አዳዲስ ክኒኖች የሚወስድ ሰው ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለበት፤ የደም ስኳሩ ደህና እየመሰለ ኪቶአሲዶሲስ ውስጥ ሊገባ ይችላል፡፡ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ የጣፊያ ሳይሆን የቆሽት ሕመም ያለበት፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ይህን በራሱ ሥልጣን የሚጀምረው ነገር አይደለም፡፡

የእኛ አገር ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው፡፡ የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች ለዓመታት ያጠኑት አንድ ዓይነት የስኳር በሽተኛ አለ፤ ወፍራም አይደለም፤ ከሲታ የገጠር ወጣት ነው፤ በልጅነቱ በልቶ ያልጠገበ፣ ቆሽቱ በቂ ኢንሱሊን የማይሠራለት፡፡ የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን እንዲህ ያለ በሽታ አምስተኛ ዓይነት ብሎ ሰይሞታል፡፡ ሎንዶን ላይ ወይም ካሊፎርኒያ ላይ ለወፈረ ሰው የተሰፋን ልብስ ለዚህ ልጅ ማልበስ አይቻልም፡፡

ጾሙም አለ፡፡ የኦርቶዶክስ አማኝ በዓመት 180 ቀን ያህል ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይቀምስም፡፡ በእነዚያ ቀናት ኬቶ ልያዝ የሚል ሰው የሚቀረው ዘይት፣ አቮካዶ፣ ጎመን፣ ሱፍ፣ ሰሊጥና ተልባ ነው፡፡ ለሁለት ቀን ይቻላል፤ ለሁዳዴ ግን ሃምሳ አምስት ቀን አለ፡፡ የሚገርመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ የሚውለው ጾመኛ ጉበቱ ራሱ ጥቂት ኪቶን መሥራት የጀመረ መሆኑ ነው፡፡ አሜሪካኖቹ በ1921 ስም ያወጡለትን ነገር የእኛ እናቶች ሆድ ከድሮ ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ማታ ላይ እንጀራ መኖሩ ነው፡፡

ቀባሪውን ባንቲንግን ረሳኋቸው፡፡ ሥራውን ትተው ኬንሲንግተን በሚባለው ሰፈር ይኖሩ ነበር፡፡ የደብዳቤዋ አራተኛ ዕትም በ1869 ወጣች፡፡ ሐርቪ ደግሞ በ1872 የራሳቸውን መጽሐፍ በውፍረት ላይ ጻፉ፤ ዝናው ግን ለታካሚያቸው ሆኖ ቀረ፡፡ ባንቲንግ በ1878 መጋቢት 16 ቀን በ81 ዓመታቸው አረፉ፡፡ ደረጃ ፊት ለፊት መውረድ ከጀመሩ አሥራ አምስት ዓመት አልፏቸው ነበር፡፡ ድርጅቱ ንግሥት ቪክቶሪያን በ1901፣ ልጃቸውን ኤድዋርድ ሰባተኛን በ1910 ቀብሮ፣ የቤተ መንግሥት ሥራውን በ1928 አቆመ፡፡ እንግሊዞች ግሱን ከረሱት ቆይቷል፡፡ ስዊድኖች ግን ዛሬም ክብደት ለመቀነስ መጾምን ባንታ ይሉታል፡፡